ያልተቀዳው ረፋድ

የአናጢ ቤቱ ባለቤት ከመላጊያ ጠረጴዛው ሥር በደረቱ ተደፍቶ የተገኘው ለምሳ ትንሽ ሲቀር ነው። እኛ ስንደርስ አምቡላንሱ ሊወስደው ነበር። ከጭንቅላቱ ኋላ ደም አለ፤ ግን ይተነፍሳል። ጎንበስ ብዬ “ማነው የመታዎት?” አልኩት። ምን ላድርግ፣ የሥራ አመል ነው። የአምቡላንሱ ነርስ በክርኑ ገፋ አድርጎኝ አለፈ።

እኔ ሳጅን ነኝ። አለቃዬን፣ ኢንስፔክተሯን፣ ጣቢያው በሙሉ በሌለችበት “ወንፊት” ይላታል። ሌላው ሰው ትልቁን ነገር አንስቶ ሲሄድ እሷ ቁጭ ብላ ደቃቁን ስለምትነፋ የወጣላት ስም ነው። እኔ ነገር ቶሎ ሲያልቅ ደስ ይለኛል፤ እሷን ደግሞ ቶሎ ያለቀ ነገር ያሳክካታል። እንዲህም ሆነን ተስማምተን እንሠራለን፤ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ቤቱ ሰፊ ነው። ገና ያላለቁ ወንበሮች እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተደርድረዋል፤ ወለሉን ሰጋቱራ ሸፍኖታል። ያገኙት ለደንበኛ በር ሊገጥሙ ሄደው የተመለሱት ሁለት ሠራተኞች ናቸው።

“ጋሼ ራሱ ወጣ ብዬ እውላለሁ ብሎን ነበር” አለ አንደኛው፣ ባለቤቱን ማለቱ ነው። “ቤቱን ዘግተን ነው የሄድነው። ለምን ቶሎ እንደተመለሰ እንጃ።”

ወንፊት ከመጋዘኑ በር አጠገብ ቁጢጥ ብላለች።

“ሳጅን፣ ሰጋቱራው እዚህ ጋ ለምን ወፈረ?”

“አናጢ ቤት ነዋ!”

በእስክሪብቶዋ ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ ቡናማ ቫርኒሽ ፈስሷል፤ ገና አልደረቀም። ጣሳው ግን ክዳኑ ተገጥሞ መደርደሪያ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ቤቱ ሁልጊዜም ቫርኒሽ ቫርኒሽ ስለሚል ሽታው ለማናችንም አልተለየንም ነበር። ሠራተኞቹን ምን እንደሆነ ሳንነግራቸው ጠየቅናቸው፤ ማንም ምንም አልደፋም።

“የደፋውም የሸፈነውም የመታው ሰው ነው” አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ይህን የምናውቀው እኔና አንተ ነን፣ እሱም ሦስተኛ። ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።”

አማቹ እየሮጠ የደረሰው ያኔ ነው። የባለቤቱ ሚስት ወንድም ነው፤ የቤቱን እንጨት የሚገዛው እሱ ነው። ግንባሩን ይዞ አለቀሰ። ረፋዱን እንጨት ተራ እንደነበረና ሠራተኞቹ ሲደውሉለት እንደመጣ ነገረን።

“ጠበኛ አለው?” አልኩት።

“ማን? ጋሼ? ኧረ በፍጹም!” አለና ትንሽ አሰብ አደረገ። “ትናንት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተቀያይመው ነበር። የወንድማማች ነገር ነው፣ ያልፋል። እሱ ደግሞ ዛሬ ሆስፒታል ነው፣ አፍንጫውን ኦፕራሲዮን ሊሆን። ስለዚህ እሱን እንኳ ተዉት።”

ለፖሊስ “ተዉት” አይባልም። እዚያው ቆሜ ሆስፒታሉ ደወልኩ።

“ወጥቷል እኮ” አለችኝ ነርሷ። “ኦፕራሲዮኑ ገና በጠዋት ተሠርቶለት ረፋዱ ላይ ወጣ። በእግሩ እየሄደ፣ እየቀለደ፣ ከእህቱ ጋር።”

እንጨት ተራም ደወልኩ። “አዎ፣ ጠዋት እዚህ ነበር” አሉኝ። አማቹን ከአእምሮዬ አወጣሁትና ወደ ታናሽየው ዞርኩ።

*

በማግስቱ ቤቱ ስንሄድ ገና ከሆስፒታል መመለሱ ነበር። የአፍንጫው ጥጥ የወጣለት በዚያው ጠዋት ነው። ቀጭን ሰው ነው፤ አፍንጫው አብጧል፤ እጁ ግን የሌላ ሰው የሚመስል ትልቅ እጅ ነው። ሥራው እንጨት መቅረጽ ነው፤ በወንድሙ ቤት ሁሉም “ቀራጩ” ይሉታል።

“ትናንት የት ነበርክ?” አለችው ወንፊት።

“ኦፕራሲዮን ላይ። አፍንጫዬ ውስጥ ሥጋ በቅሎ ስንት ዓመት አፍኖኝ ነበር፤ እሱን አወጡልኝ።”

“ከዚያስ?”

“አንዲት ነርስ መርፌ ስትወጋኝ ትዝ ይለኛል። ከዚያ እዚህ አልጋዬ ላይ ነኝ።”

“ከሆስፒታል በእግርህ ነው የወጣኸው። ስትቀልድ ነበር ይላሉ።”

“እኔ?” አለ። እውነት የደነገጠ ሰው ይመስላል። እኔ ግን ስንት የደነገጠ የሚመስል ሰው አይቻለሁ።

“እህት አለህ?”

“የለኝም። እኔና ወንድምጋሼ ብቻ ነን።”

አልጋው ሥር ጎንበስ ያልኩት ለወጉ ያህል ነበር። እጄ ከጨርቅ ጋር ተገናኘ። ነጭ ሸሚዝ ነው፤ ቡናማ ነገር ተቀብቶበታል፤ ውስጡ አንድ የእንጨት መዶሻ ተጠቅልሏል፤ የመዶሻው ራስ ላይ ደም ደርቋል።

ቀራጩ መዶሻውን አየ። “የኔ ነው” አለ። “ሥራ ቦታ ትቼው ነበር።” ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። እዚያው አሰርነውና በጣቢያው መኪና ላክነው።

ወደ ጣቢያ ስንመለስ አፌን መያዝ አቃተኝ። “መዶሻው የሱ፣ ሸሚዙ የሱ፣ ጠቡም የሱ። ‘አላስታውስም’ ማለት ደግሞ ምን ያህል ይመቻል! እኔም ባለቤቴ የልደቷን ቀን ስትጠይቀኝ በተመቸኝ ነበር።”

“እህቱስ?” አለች ወንፊት መስኮቱን እያየች።

“ሴት ወዳጁ ናታ! አብራው ያለች።”

“መዶሻውን ሊደብቅ የፈለገ ሰው ከገዛ አልጋው ሥር?”

“ማደንዘዣ ላይ ነበር እኮ፤ የት ያስበው?”

ፈገግ አለች። ፈገግ ስትል ያስፈራኛል።

*

በሦስተኛው ቀን ቀራጩ ራሱ አስጠራን። ዓይኑ ቀልቷል፤ አልተኛም። ጠረጴዛው ላይ እጆቹን ዘርግቶ እነሱኑ እያየ ተናገረ።

“ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ የመታሁት።”

እኔ ወንበሬን ሳብኩ። ወንፊት ግን አልተንቀሳቀሰችም። “ቀስ ብለህ ንገረኝ” አለችው።

“ወንድምጋሼ በደረቱ ተደፍቷል። እኔ ከላዩ ቆሜያለሁ። የቫርኒሽ ጣሳ ተገልብጧል፤ ሽታው አናቴን ሊያፈርሰው ነው። አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይሸተኛል።”

ብድግ ብዬ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ቫርኒሹን ከእኛና ከመቺው በቀር የሚያውቅ የለም!

“ለምን መታኸው?” አለችው።

“በዋዜማው ተጣልተን ነበር። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ አበባ መቅረጽ እንደምፈልግ ስነግረው ‘አበባህን ማንም አይቀመጥበትም፣ ተወው’ አለኝ። እኔም ዳግመኛ ዓይንህን አላይም ብዬው ወጣሁ። አሳድጎኛል እኮ። ወላጆቻችን ሲሞቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ መጋዝ የያዘው ለኔ ብሎ ነው። እና እንዲህ አደረግሁት።”

“ሆስፒታል ወስደን እናሳይህ?” አለችው ወንፊት። “ገና አልነቃም፣ ግን…”

“አይሆንም!” አለ እንደ መጮኽ ብሎ። “በምን ዓይኔ? እኔን እንዲያይ አታድርጉት።”

አዘንኩለት። ወንጀለኛ ነው ብዬ እያመንኩም አዘንኩለት። ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ግን “አለቀ!” ማለቴ አልቀረም።

“ስለዚያ የማደንዘዣ ሰመመን የሚያውቅ ሰው ካናገርኩ በኋላ ያልቃል” አለች ወንፊት፣ ኮቷን እየለበሰች።

*

የሁለቱንም ወንድማማቾች ሰመመን የያዘው አንድ ሐኪም ነው፤ ታናሽየውን ታች በቀዶ ጥገናው ክፍል፣ ታላቅየውን ላይ በጽኑ ሕሙማን ክፍል። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ከባለቤቱ አልጋ ራስጌ ካለው ስክሪን ፊት አቆመን። ጋሼ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠቅልሎ ማሽን እየተነፈሰለት ተኝቷል። በስክሪኑ ላይ መስመሮች ከፍ ዝቅ እያሉ ቀስ ብለው ያልፋሉ።

“ይኼ የአንጎሉ ምት ነው” አለ ሐኪሙ። “የኔና የናንተ አሁን ቢታይ ትንንሽና ፈጣን ነው፤ ገበያ መሃል እንዳለ ጫጫታ። የሳቸው ግን ትልልቅ፣ ዘገምተኛ ሞገድ ነው። አንጎላቸው እንዲያርፍ ብዬ በመድኃኒት ያስተኛኋቸው እኔ ነኝ።”

“እንቅልፍ ማለት ነው?” አልኩት።

“ሰው ሁሉ እንዲያ ይላል፤ አይደለም። በእንቅልፍ ጊዜ አንጎል ሥራ አይፈታም፤ የቀኑን ነገር እያነሳ ቦታ ቦታ ሲያስይዝ ነው የሚያድረው። በሰመመን ጊዜ ግን አንዱ የአንጎል ክፍል ከሌላው ጋር መነጋገር ያቆማል። ስለዚህ የሚቀመጥ ነገር የለም። ታካሚዎቼ ሲነቁ ‘ገና አልጀመራችሁም እንዴ?’ ይሉኛል።”

ወንፊት ስክሪኑን ትታ እሱን አየችው። “ታናሽየው ግን ነቅቷል። ሄዷል፣ ቀልዷል። እሱንስ አላስታውስም ማለቱ?”

“እውነቱን ነው።” ሐኪሙ ይህንን ብዙ ጊዜ እንዳስረዳ ያስታውቃል። “ሰው ሲነቃ ሁሉም ነገር አንድ ላይ አይነቃም። ምላስና እግር ቀድመው ይመጣሉ፤ ትዝታ የሚያስቀምጠው ክፍል ወደ ኋላ ይቀራል። በተለይ እንዳይፈሩ ቀድመን የምንሰጣት መርፌ ለሰዓታት ታስቀረዋለች። ቴፕ አስቡ። ድምፁ ይሰማል፣ ካሴቱ ይዞራል፣ ግን የመቅጃው ቁልፍ አልተጫነም። ያ ሰው ረፋዱን ሙሉ ቢያወራ አልተቀዳም።”

“ኋላ ተመልሶ ትዝ ሊለው ይችላል?”

“ያልተቀዳ ነገር ከየት ይመጣል? ይልቅ ሌላ ነገር አለ። ባዶ ቦታ ሰውን ያስጨንቃል። ገና ሳይጠራለት በጆሮው የሰማውን ወስዶ ባዶው ላይ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ትዝታ ይመስለዋል። ደግሞ ይምላል፤ ውሸቱንም አይደለም።”

ይኼ የሐኪም ወሬ አልጣመኝም። “ዶክተር፣ የሰማውን ሳይሆን የሸተተውን ነው የነገረን። ቫርኒሽ ሸቶት።”

ሐኪሙ ሳቀ። “በምን አፍንጫው? ሁለቱንም ቀዳዳ በጥጥ አሽገን እኮ ነው የላክነው! በአፉ ነበር የሚተነፍሰው። ጥጡ የወጣው በማግስቱ ነው። እንኳን ያን ቀን፣ ከዚያ በፊትም ሥጋው አፍኖት ለዓመታት የረባ ነገር አይሸተውም ነበር።”

ወንፊት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ደግሞ ወደ ጫማዬ ዞርኩ።

“እንግዲህ ሳጅን” አለችኝ ስንወጣ፣ “ቫርኒሹ ለሱ አልሸተተውም። ተነግሮት ነው። የነገረውም ያየው ሰው ነው።”

*

ቁልፉ “እህቱ” ናት ማለት ነው። ታች ወርደን ያስወጣችውን ነርስ አገኘናት። ወጣት ናት፤ ፖሊስ ስታይ ከወንበሯ ብድግ አለች።

“ታካሚ ብቻውን አይለቀቅም” አለች። “የሚረከበው ዘመድ መኖር አለበት፤ ደንብ ነው። የሱ ተረካቢ አማቹ ነበር፣ ግን ቀረ። ልጁ ደግሞ አላስቀምጥ አለን። ‘ወንድሜ ጋ ውሰዱኝ’ እያለ ተጠባባቂውን ሁሉ ይለምናል። ከዚያ አንዲት ሴትዮ ተነስታ ‘እህቱ ነኝ’ አለች።”

“አመንሻት?”

ነርሷ አንገቷን ደፋች። “አላመንኳትም። ዘመድ ሲቀር እዚህ እንዲህ ይደረጋል፤ ደግ ሰው ብድግ ይልና ዘመድ ይሆናል። እኛም እንዳላወቅን እንሆናለን። አልጋውን ሌላ በሽተኛ ይጠብቀዋል እኮ።”

“ምን የሚታወቅ ነገር ነበራት?”

“መኪናዋ። ጣራው ላይ ‘ተለማማጅ’ የሚል ሰሌዳ አለው።”

የመንጃ ማሠልጠኛዎቹን ስዞር ዋልኩ። መኪኖቹ ሁሉ ያንኑ ሰሌዳ ለብሰው ያንኑ ያህል ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ከኋላቸው ስከተል ትዕግስቴ ተሟጠጠ። በመጨረሻ አገኘኋት። ሰፊ ሜዳ ላይ አንድ ሽማግሌ ተማሪ ወደ ኋላ ሲነዳ አጠገቡ ተቀምጣ፣ እግሯን ከራሷ ፍሬን ላይ ሳታነሳ፣ “ጋሼ፣ መሪው እንጂ ጆሮዎ አይደለም የሚዞረው” ትለዋለች። ፖሊስ መሆኔን ስትሰማ ከመኪናው ወረደች።

“ስለዚያ ልጅ ነው አይደል?” አለች። “እህቱ አይደለሁም፤ ዋሽቻለሁ። ደህና አይደለም እንዴ?”

ወንፊት ደረሰችና ሦስታችን መኪናው ውስጥ ቁጭ አልን።

“እኔ ለጆሮዬ ምርመራ ነበር የሄድኩት” አለች አሠልጣኟ። “ልጁ ሲለምን አንጀቴን በላኝ። ይዤው ወጣሁ። አናጢ ቤት ውሰጂኝ ይለኛል፤ የት ነው ስለው በቀኝ በኩል ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ በግራ። ስንዞር ስንዞር እንቅልፍ ወሰደው። ጥላ ፈልጌ አቆምኩና እስኪነቃ ጠበቅሁት። ሲነቃ ደግሞ ያንኑ ወሬ ከመጀመሪያው ጀመረ።”

“ከመኪናው ወርዷል? ለአፍታም ቢሆን?”

“እንዴት አድርጎ! በሩን እኔ ነኝ የቆለፍኩት፤ እንደ ተማሪ አላምነውም ነበር። ኋላ የቤቱን ሰፈር በደንብ ነገረኝና ወሰድኩት። በሩ ላይ አንድ ሰው ቁልፍ ሊከፍት ሲታገል ደረስን። ‘አማቹ ነኝ፣ ልቀበለው ስል ዘግይቼ ነው’ አለና ደግፎ አስገባው።”

ወንፊት ወደ ፊት ዘንበል አለች። “ልጁ ምን ለብሶ ነበር?”

“ነጭ ሸሚዝ። ከኔ መኪና ሲወርድ ሸሚዙ ንጹሕ ነበር። ሰውየው ጀርባውን ሲደግፈው ቡናማ እጁን አተመበት። ቀለም ቢጤ፣ እጁ ላይ የተጣበቀ። ‘ወይኔ ሸሚዙ!’ ብዬ ነበር፤ አልሰማኝም። ብብቱ ሥርም አንድ ነገር በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል።”

ሸሚዙን ከፕላስቲክ ከረጢቱ ስናወጣው ነገሩ ዓይን የሚወጋ ነበር። ቡናማው ነገር ከትከሻው በታች፣ ጀርባው ላይ ነው፤ አምስት ጣት ከነመዳፉ። ሰው በገዛ እጁ እዚያ አይደርስም። እኔ “ቡናማ ነገር” ብዬ አልፌው ነበር፤ ተገልብጦ እንኳ አላየሁትም። ወንፊት ሸሚዙን አጥፋ ወደ ከረጢቱ መለሰችው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

*

አማቹን በአክብሮት ጠርተን ወንበር ሰጠነው። ወንፊት የጋሼን ጤንነት ነገረችው፤ ሐኪሙ ሊያነቃው እንደሆነም ነገረችው። ደስ ብሎት አመሰገነ።

“ቀራጩን ያን ቀን አይተኸው ነበር?” አለችው።

“ማታ ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ተኝቷል።”

በሩ ተከፈተና አሠልጣኟ ገባች። አየችው፤ አያት።

“እኚህ ናቸው” አለች። “እንዲያውም እጅዎ ላይ የነበረው ቀለም ለቀቀልዎት?”

አማቹ ሳያስበው መዳፉን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላስቸገረንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቹ ጠዋት እንጨት ተራ ታይቶ ረፋዱ ላይ ወደ አናጢ ቤቱ ተመልሷል። ጋሼ ውሎውን ትቶ ሲመለስ አማቹ ከመጋዘኑ ጥሩ ጥሩውን ጣውላ ሰርቆ ሊያወጣ ሲጭን ደረሰበት። ጋሼ ለሚስቱ፣ ለአማቹ እህት፣ ሊነግራት መሆኑን ሲናገርና ጀርባውን ሲሰጠው፣ አማቹ ቀራጩ ትቶት የሄደውን መዶሻ አነሳ። የቫርኒሹ ጣሳ የተገለበጠው ሲሸሽ ነው፤ ዱካው እንዳይታይ በሰጋቱራ ሸፍኖ ጣሳውን መለሰው፣ እጁን የቀባውም ያኔ ነው። መዶሻውን የሚደብቅበት ሲያጣ ቀራጩን ሊንከባከብበት የተቀበለው ቁልፍ ትዝ አለው፤ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ሄደ። እዚያ በር ላይ ቀራጩ እያወራ ከመኪና ሲወርድ አየው።

“እኔም አምና ኦፕራሲዮን ሆኜ ነበር” አለን። “ከሆስፒታል እቤቴ ድረስ ዘፍኜ ነው አሉ የሄድኩት፤ ዛሬም ድረስ ይስቁብኛል። አንዲት ቃል አላስታውስም። ልጁን ሳየው እሱም ላይ እንደዚያ ነው ብዬ አሰብኩ።”

“እና ሸሚዙን አውልቀህ መዶሻውን ጠቀለልክበት፤ አልጋው ላይ አስተኝተህም ነገርከው።”

“‘ወንድምህን እኮ መታኸው’ አልኩት። እንዴት እንደተደፋ፣ ጣሳው እንዴት እንደተገለበጠ፣ እንዴት እንደሸተተ። ማታም ተመልሼ ደገምኩለት። አለቀሰ።”

ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፤ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። መምታቱስ በድንጋጤ ነው ይባል። ሰው በተኛበት ጆሮው ውስጥ ወንጀል ማፍሰስ ግን ምን ይባላል?

*

ቀራጩን ስንፈታው የሚደሰት መስሎኝ ነበር። ሁሉንም ከስር ጀምሬ አስረዳሁት፤ ጥጡን፣ ሸሚዙን፣ መኪናውን። በጥሞና ሰማኝ።

“ገብቶኛል፣ አልመታሁትም” አለ። “ግን ሳጅን፣ ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ከላዩ ቆሜያለሁ። እኔ እንዴት ነው ወንድምጋሼ ፊት የምቆመው? የራሴ የሆነ ሌላ ትዝታ የለኝም እኮ።”

ወንፊት ስልኳን አንስታ አሠልጣኟን ጠራቻት።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መድኃኒቱን መቀነስ ከጀመረ ቆይቷል። በስክሪኑ ላይ ትልልቁ ሞገድ እየተሰባበረ፣ እየጠበበ፣ ጫጫታ እየመሰለ ሄዷል። የመተንፈሻው ቱቦ ወጥቷል። ሐኪሙ በጣቱ ወደ ስክሪኑ አመልክቶ “ገበያው ሞቀ” አለና ሳቀ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ።

ጋሼ ዓይኑን ገለጠ። እኛን አለፈና በሩ ላይ የቆመውን ወንድሙን አገኘ።

“አንተ” አለ በሻከረ ድምፅ። “ምን ሆነህ ነው እዚያ የቆምከው?”

ቀራጩ ሁለት እርምጃ ገባና ቆመ። ጋሼ ማን እንደመታው ተጠየቀ፤ ምንም አያስታውስም። ከቤት መውጣቱን ያውቃል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ወንፊት በአጭሩ ነገረችው። የአማቹን ስም ስትጠራ ዓይኑን ጨፈነ፤ ስለ ሚስቱ ማሰቡ ይመስለኛል። ታናሽ ወንድሙ ታስሮ እንደነበረና በገዛ አፉም እንዳመነ ስትነግረው ግን መልሶ ገለጠው።

“እኔን መታሁ አልክ? አንተ?”

“መስሎኝ ነበር፣ ወንድምጋሼ።”

ያኔ አሠልጣኟ ወንበር ስባ በአልጋው ግርጌ ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ እኔ አያውቁኝም” አለች። “ይኼ ልጅ ያን ረፋድ ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ነበር። እሱ ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁትም፤ ደጋግሞ ስለነገረኝ ልረሳው ብልም አልችልም። ‘ወንድሜ ጋ ውሰጂኝ፣ ትናንት ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ’ ነበር የሚለኝ። ልጅ ሆኖ መጋዝ ሲፈራ እጅዎን በእጁ ላይ አድርገው አብረው እንደሳቡለት ነገረኝ። አበባ የሌለው ወንበርዎ ከሱ አበባ ሁሉ እንደሚያምርና አንድ ቀን እንኳ እንዳልነገረዎት ነገረኝ። እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ይህንኑ እንደገና ነገረኝ። ሌላ ወሬ አልነበረውም።”

ቀራጩ አፉን ከፍቶ ያዳምጣታል። ስለ ማያውቀው ሰው የሚወራለት ይመስል ነበር፤ ቀስ እያለ ግን ፊቱ ተለወጠ። እንባው መጣና አልጠረገውም።

ጋሼ እጁን፣ መርፌ የተሰካበትን፣ ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣ።

“እና ይቅርታውን ለሴትዮዋ ነው የነገርካት?” አለ። “ለኔ ንገረኝ እንጂ።”

ቀራጩ አልጋው አጠገብ ተንበረከከና እጁን ያዘው።

“ይቅርታ፣ ወንድምጋሼ።”

“እኔም ይቅርታ። ይህንንስ ታስታውሰዋለህ?”

“ይህንን አስታውሰዋለሁ” አለ።